ዜሮ ዜሮ እና ዜሮ አንድ፦ በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት በእርግጥ ስንት ያስከፍላል?

በክሬዲት ካርድ ዕቃ መግዛትና በዚያው ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ለተጠቃሚው ዐይን አንድ ዓይነት ተግባር ይመስላሉ። ካርዱ ያው ነው፤ የምሥጢር ቁጥሩም ያው ነው፤ ዕዳው የሚመዘገብበት ሒሳብም አልተለወጠም። ይሁን እንጂ ከመክፈያው መሣሪያ ተነሥቶ ወደ ባንኩ የሚጓዘውን መልእክት ገልጠን ብናይ ልዩነቱ ወዲያውኑ ይታያል። የካርድ ክፍያዎች በአብዛኛው የሚመሩት አይኤስኦ 8583 በተባለው ዓለም አቀፍ የመልእክት ደረጃ ነው። በዚህ ደረጃ መሠረት በመልእክቱ ውስጥ የግብይቱን ዓይነት የሚናገሩ ሁለት አሃዞች ይገኛሉ። «00» ከሆነ የዕቃ ወይም የአገልግሎት ግዢ ነው፤ «01» ከሆነ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ነው። በዜሮና በአንድ መካከል ያለችው ይህች ልዩነት፣ ተበዳሪው የሚከፍለውን ዋጋ ከምንም ተነሥታ በዓመት ሲሰላ ከመቶ 200 በላይ ልታደርሰው ትችላለች። እንዴት የሚለውን ከዚህ በታች በአሃዝ እንመለከታለን። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁለቱ አሃዞች በተጨማሪ ገንዘቡን የሚቀበለው ድርጅት በምን ሥራ እንደተሰማራ የሚገልጽ ባለ አራት አሃዝ ኮድ አለ። 6011 የኤቲኤም ነው። 4829 ገንዘብ የሚያስተላልፉ ድርጅቶች መለያ ነው። 7995 ቁማርን ያመለክታል። 6051 ደግሞ የውጭ ምንዛሪንና የገንዘብ ማዘዣን የመሳሰሉ፣ ጥሬ ገንዘብ ባይሆኑም ወደ ጥሬ ገንዘብ በቀላሉ የሚለወጡ ነገሮች የሚሸጡበት ነው። ካርዱን የሰጠው ባንክ እነዚህን ኮዶች አይቶ «ይህ ዕቃ አይደለም፤ ገንዘብ ነው» ብሎ ሊወስን ይችላል። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ አንዳንድ ወገኖቻችን ለቤተሰብ በክሬዲት ካርድ ገንዘብ ልከው፣ በወሩ መጨረሻ በሚደርሳቸው መግለጫ ላይ ከአስተላላፊው ድርጅት ክፍያ ሌላ የጥሬ ገንዘብ ክፍያና ወለድ ተጨምሮ ሲያዩ የሚደነግጡት በዚህ ምክንያት ነው። ከኤቲኤም ፊት አልቆሙም፤ አንዲት የብር ኖትም በእጃቸው አልገባችም። ኮዱ ግን 4829 ነበር።

ለመሆኑ ባንኩ ሁለቱን ለምን ይለያቸዋል? ዕቃ ሲገዛ ለባንኩ የሚከፍለው ነጋዴው ነው። በአሜሪካ ነጋዴው ከሽያጩ ላይ ሁለት በመቶ ገደማ ይቆረጥበታል፤ የዚህም አብላጫ ክፍል ካርዱን ለሰጠው ባንክ ይደርሳል። ገዢው ዕዳውን በእፎይታው ጊዜ ውስጥ፣ ማለትም ቢያንስ 21 ቀን በሆነው ጊዜ፣ አጠናቅቆ ከከፈለ ምንም ወለድ አይጠየቅም። ጥሬ ገንዘብ ሲወጣ ግን በመካከል ነጋዴ የለም። ስለዚህም ክፍያው ወደ ተበዳሪው ይዞራል። በአሜሪካ የተለመደው ከወጣው ገንዘብ 5 በመቶ ወይም 10 ዶላር፣ ከሁለቱ የበለጠው ነው። የወለዱ ምጣኔም ከግዢው ከፍ ይላል፤ በቅርብ ዓመታት በዓመት 30 በመቶ አካባቢ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእፎይታ ጊዜ የለውም፤ ወለዱ ገንዘቡ ከወጣበት ቀን ጀምሮ መቁጠር ይጀምራል። በዚህ ላይ የባንኩ ጥርጣሬ አለ። ሌላ ርካሽ አማራጭ ያለው ሰው በዚህ ዋጋ ጥሬ ገንዘብ አያወጣም፤ ስለዚህ የሚያወጣው ምናልባት የተቸገረ ሰው ነው የሚል ግምት ይወሰዳል። ለተቸገረ ሰው ማበደር አደጋ ስላለው ዋጋው ይጨምራል፤ ዋጋው ሲጨምር ደግሞ ይበልጥ የተቸገረው ብቻ ይቀራል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንለፍ። አንድ ሰው 500 ዶላር በካርዱ አወጣ እንበል። ክፍያው 5 በመቶ ስለሆነ 25 ዶላር በዕለቱ ዕዳው ላይ ይጨመርና ዕዳው 525 ይሆናል። የወለዱ ምጣኔ በዓመት 30 በመቶ ነው። ስሌቱ እንዲቀል ወለዱ ወለድ እንዳይወልድ እናድርግ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ዕዳውን በ10 ቀን ከፈለ። ወለዱ 525 ሲባዛ በ0.30፣ ከዚያም በ10 ተባዝቶ ለ365 ሲካፈል 4.32 ዶላር ነው። ከ25 ዶላሩ ጋር ሲደመር በጠቅላላው 29.32 ዶላር ከፍሏል ማለት ነው። ይህም በእጁ ከገባው 500 ዶላር 5.86 በመቶ ይሆናል። 5.86 በመቶ ለ10 ቀን ነው። በዓመት ውስጥ 36 ተኩል ያህል ዐሥር ቀኖች ስላሉ፣ በዓመት ሲሰላ 214 በመቶ ይመጣል።

ይኸው ሰው ዕዳውን በ30 ቀን ቢከፍል ወለዱ 12.95፣ ጠቅላላ ክፍያው 37.95 ዶላር ይሆናል። በዓመት ሲሰላ 92 በመቶ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ቢያቆየው ደግሞ በጠቅላላው 182.50 ዶላር ከፍሎ ምጣኔው ወደ 36.5 በመቶ ይወርዳል። ይህን ውጤት ልብ ይበሉ። ቶሎ የከፈለው ሰው ያወጣው ዶላር ጥቂት ነው፤ በምጣኔ ረገድ ግን እጅግ ውድ የሆነውን ብድር የወሰደው እርሱ ነው። ያዘገየው ሰው በምጣኔ ረክሶለታል፤ ኪሱ ግን ይበልጥ ተራቁቷል። የመጀመሪያው ዕለት ክፍያ በጊዜ የማይለካ ቋሚ መጠን በመሆኑ ለአጭር ጊዜ ሲካፈል ይገዝፋል፣ ለረጅም ጊዜ ሲካፈል ይሳሳል። በካርዱ ውል ላይ በትልቁ የሚጻፈው «30 በመቶ» የሚለው አሃዝ ግን ከሦስቱ ለአንዳቸውም ትክክለኛ መልስ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። «በዓመት 36 ጊዜ ጥሬ ገንዘብ የሚያወጣ ማን አለ? አንድ ጊዜ ተቸግሮ 29 ዶላር የከፈለን ሰው 214 በመቶ ተበዘበዝህ ማለት ማስፈራሪያ ነው» የሚል። ተቃውሞው ፍሬ ቢስ አይደለም። ለአንድ ጊዜ ችግር ከሆነ ክፍያውን በዶላር ማሰብ ይበቃል፤ ለሌሊት ሕክምና ወይም ለተቋረጠ የመብራት ሒሳብ 29 ዶላር ርካሽ የሚሆንበት ሁኔታ አለ። በአሜሪካ ደመወዝ እስኪደርስ የሚያበድሩት ድርጅቶች ለእያንዳንዱ 100 ዶላር ለሁለት ሳምንት 15 ዶላር ማስከፈላቸው የተለመደ ነው፤ ይህም በዓመት ሲሰላ ወደ 400 በመቶ ይጠጋል። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር የካርዱ ብድር የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ «ማን ይደጋግመዋል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አለ። አንድ አገር በሙሉ ደጋግሞት ያውቃል።

ያች አገር ደቡብ ኮሪያ ናት። ከ1997ቱ የእስያ የገንዘብ ቀውስ በኋላ የኮሪያ መንግሥት ሁለት ነገር ፈለገ፤ የሕዝቡ ፍጆታ እንዲያንሰራራና ነጋዴዎች ከግብር የሚሰውሩት ሽያጭ እንዲታይ። ለሁለቱም ክሬዲት ካርድ ጥሩ መሣሪያ መስሎ ታየ። በ1999 በካርድ ለሚገዙ ሰዎች የግብር ቅናሽ ተፈቀደ። በ2000 የካርድ ደረሰኞች ዕጣ የሚወጣባቸው ሆኑ፤ ቡና ጠጥቶ በካርድ የከፈለ ሰው ሎተሪ ቆረጠ ማለት ነው። ሐሳቡ በራሱ ብልኅነት ነበረው፤ የግብር ገቢውም በእርግጥ አድጓል። ነገር ግን በዚያው በ1999 ሌላ አንድ ነገር ተደረገ። በካርድ በወር ከ700 ሺህ ዎን በላይ ጥሬ ገንዘብ እንዳይወጣ ያግድ የነበረው ገደብ ተነሣ።

የካርድ ኩባንያዎቹ በየመንገዱ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ስጦታ እየሰጡ ካርድ አደሉ። በ2002 መጨረሻ በ48 ሚሊዮን ሰው አገር ከ100 ሚሊዮን በላይ ካርድ ተሰራጭቶ ነበር። በእነዚህ ካርዶች ከተንቀሳቀሰው ገንዘብ ከግማሽ በላዩ ግዢ አልነበረም፤ ጥሬ ገንዘብና የካርድ ብድር ነበር። ለግዢ የተፈለሰፈው መሣሪያ የብድር ቧንቧ ሆኖ አረፈው። የጥሬ ገንዘብ ጣሪያው የሞላበት ሰው ሌላ መንገድ አላጣም። ከነጋዴ ጋር ተመሳጥሮ ያልተገዛ ዕቃ እንደተገዛ አድርጎ ካርዱን ያስከፍላል፤ ነጋዴው የራሱን ድርሻ ቆርጦ ቀሪውን በጥሬው ይሰጠዋል። ኮሪያውያን ለዚህ «ካርድ ካንግ» የሚል ስም አወጡለት። በመልእክቱ ቋንቋ ብንናገር «01» የሆነው ነገር «00» ተብሎ ተላከ ማለት ነው። አሃዟ ዋጋ ስለምትወስን፣ አሃዟን መዋሸት ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ።

ከዚያም መዟዟሩ መጣ። የአንዱ ካርድ ዕዳ ሲደርስ ከሌላው ካርድ ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ መክፈል፣ የዚያኛው ሲደርስ ከሦስተኛው። ከላይ «ማን ይደጋግመዋል?» የተባለለት ድግግሞሽ ይህ ነው። ለምሳሌ ያህል በእያንዳንዱ ወር ክፍያና ወለድ ተደምረው 4 በመቶ ቢሆኑ፣ ዕዳው በየወሩ በ1.04 ይባዛል። ከአንድ ዓመት በኋላ 1.04 በራሱ 12 ጊዜ ሲባዛ 1.60 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ 2.56፣ ከሦስት ዓመት በኋላ 4.10 ይሆናል። ሰውየው በእነዚህ ሦስት ዓመታት ውስጥ አንዲት ተጨማሪ ዕቃ አልገዛም፤ ዕዳውን ብቻ እያዟዟረ አራት እጥፍ አድርሶታል። ዕዳ ስንት ጊዜ ቆይቶ እጥፍ እንደሚሆን በቃል ለመገመት 72ን ለምጣኔው ማካፈል የሚለው ዘዴ ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ሉካ ፓቾሊ በ1494 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። 72 ለ4 ሲካፈል 18 ወር። ከ500 ዓመት በፊት ለነጋዴ ልጆች የተሰጠ ትምህርት ነው።

የኮሪያ መንግሥት አደጋውን ሲረዳ በ2002 የኩባንያዎቹን የጥሬ ገንዘብ ብድር መገደብ ጀመረ። እርምጃው ትክክል ቢሆንም ዘግይቶ የመጣ እርምጃ የራሱ ዳፋ ነበረው። ዕዳቸውን በማዟዟር ብቻ ቆመው የነበሩ ሰዎች ቀጣዩ ካርድ ሲከለከላቸው በአንድ ጊዜ ወደቁ። የገበያውን ቀዳሚ ስፍራ የያዘው ኤልጂ ካርድ በኖቬምበር 2003 የራሱ ጥሬ ገንዘብ አልቆበት ለደንበኞቹ የሚሰጠውን የጥሬ ገንዘብ አገልግሎት ለጊዜው እስከ ማቋረጥ ደረሰ፤ ባንኮች ተረባርበው ካዳኑት በኋላ በ2007 ወደ ሺንሃን የገንዘብ ተቋም ተጠቃለለ። በ2003 መጨረሻ ዕዳቸውን ባለመክፈል በጥቁር መዝገብ የሰፈሩት ኮሪያውያን 3.7 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ይህ ከአገሪቱ የሥራ ኃይል ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ብድር የማያውቅና ገቢ የሌለው ተማሪ ካርድ ሲታደለው «ይህ ገንዘብ ነው» ብሎ ቢያምን አያስደንቅም።

የአሜሪካኖቹ ታሪክ ደግሞ ለየት ያለ መልክ አለው፤ አንዱ ክፍል ፈገግ ያሰኛል። የአሜሪካ ሳንቲም ማተሚያ ተቋም የአንድ ዶላር ሳንቲም በሕዝብ ዘንድ እንዲለመድ በ2008 አንድ ዘዴ ጀመረ። ማንም ሰው ሳንቲሞቹን በተጻፈባቸው ዋጋ፣ የማጓጓዣ ሳይከፍል፣ በክሬዲት ካርድ ማዘዝ ይችል ነበር። ብልጣብልጦች ነገሩን ወዲያው ተረዱት። ሳንቲሙን በካርድ ማዘዝ፣ ከግዢው የሚገኘውን የአየር መንገድ ነጥብ መሰብሰብ፣ ሳንቲሞቹን ካርቶናቸው ሳይፈታ ወደ ባንክ ወስዶ ማስገባት፣ በገባው ገንዘብ የካርዱን ዕዳ መክፈል። ለግብይት የታሰቡት ሳንቲሞች በኪስ ሳያድሩ ወደ ባንክ ጎተራ ተመለሱ። ተቋሙ በጁላይ 2011 በካርድ መሸጥ አቆመ። ገንዘብን በካርድ መግዛት «00» ተብሎ ቢመዘገብ ምን እንደሚከተል ከዚህ የተሻለ ሙከራ በቤተ ሙከራም አይገኝም። በ2018 በካርድ ክሪፕቶ ገንዘብ መግዛት እንደ ጥሬ ገንዘብ እንዲቆጠር ኮዱ ሲለወጥ ባንኮቹ ይህን ትምህርት የረሱ አይመስልም።

ፈገግ የማያሰኘው ክፍል የአከፋፈል ቅደም ተከተሉ ነው። በአንድ ካርድ ላይ ግዢም ጥሬ ገንዘብም ያለበት ሰው ከአነስተኛው ወርኃዊ ክፍያ በላይ ሲከፍል፣ ገንዘቡ የትኛውን ዕዳ ይቀንሳል? እስከ 2009ኙ የአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ሕግ ድረስ ባንኮች በአብዛኛው ዝቅተኛ ወለድ ያለውን ዕዳ አስቀድመው ይዘጉ ነበር። ከፍተኛ ወለድ የሚከፈልበት የጥሬ ገንዘብ ዕዳ ከወረፋው መጨረሻ ተቀምጦ፣ ግዢው በሙሉ እስኪያልቅ ድረስ በሰላም ወለዱን ይወልድ ነበር። 200 ዶላር አውጥቶ በየወሩ 300 ዶላር የሚከፍል ሰው እንኳ ያችን 200 ለዓመታት ላይነካት ይችላል ማለት ነው። አዲሱ ሕግ ትርፉ ክፍያ ከፍተኛ ወለድ ወዳለው ዕዳ እንዲሄድ አዘዘ። አንድ የቅደም ተከተል ደንብ መገልበጡ ምጣኔውን በአንድ ነጥብ ሳይቀንስ ለተበዳሪው ብዙ ገንዘብ አተረፈለት። ለፕሮግራም ጸሐፊ ተማሪዎች ይህ ከወረፋ አደረጃጀት ትምህርት የወጣ ምሳሌ ይመስላል፤ በእርግጥም ነው።

ካርድ ለማይቀበሉ ሰዎች፣ ለቤት አከራይ፣ ለትምህርት ክፍያ ወይም ለግብር፣ በካርድ የሚከፍሉ አስታራቂ ድርጅቶችም አሉ። ካርዱን ያስከፍሉና ለአከራዩ ቼክ ይልካሉ፤ ለዚህም ከመቶ 2 እስከ 3 ያህል ይወስዳሉ። እነዚህን በዝርዝር መተንተን አያስፈልግም። ክፍያው ግዢ ተብሎ ከተመዘገበና ዕዳው በወሩ ከተዘጋ ዋጋው ያ ብቻ ነው፤ ካልተዘጋ ግን ኪራይ ላይ ወለድ ይከፈላል፣ ኪራይ ደግሞ በሚቀጥለው ወርም ይመጣል።

ወደ አገራችን ስንመለስ በእጃችን ያሉት የባንክ ካርዶች በአብዛኛው ከራስ ሒሳብ ላይ የሚቀንሱ እንጂ የብድር ካርዶች አይደሉም። በዚህ ምክንያት ጉዳዩ የሰው አገር ወሬ የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። እኔ በዚህ አልስማማም። በቴሌብር በ2022 የተጀመሩት «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ አገልግሎቶች ብድርን በስልክ አድርሰዋል፤ «እንደኪሴ» ሒሳቡ ያነሰበት ሰው ክፍያውን በብድር አሟልቶ እንዲፈጽም የሚያስችል ነው። ካርዱ ተዘሎ ቁም ነገሩ ደርሷል። እነዚህ አገልግሎቶች የሚነቀፉ አይደሉም፤ ለአነስተኛ ነጋዴ በአንድ ቀን የሚገኝ ብድር ከሠፈር አራጣ አበዳሪ ያድነዋል። ነገር ግን ለአጭር ጊዜ የሚሰጥ ብድር ዋጋው በብዙ አገር የሚነገረው «የአገልግሎት ክፍያ» ተብሎ፣ ከብድሩ ላይ ይህን ያህል በመቶ በሚል አነጋገር ነው። «በስንት ቀን?» የሚለው ከጎኑ አይቀመጥም።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1960 ሲወጣ ሰዎች በብድር ውል የሚወስኑት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ የባንኮች ወለድ የሚመራው በሌላ ደንብ ነው። ሕጉ «በዓመት» የሚለውን ቃል አልረሳም። አራጣን የምናወግዝ ሕዝቦች ስንሆን ውግዘታችን የሚያርፈው «ወለድ» በተባለው ላይ ነው፤ «ክፍያ» ተብሎ ሲመጣ ግን አንቆጥረውም። አሜሪካኖችም ቢሆኑ በየክፍለ ግዛቱ የወለድ ጣሪያ ነበራቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1978 አንድ ባንክ የሚገኝበትን ክፍለ ግዛት የወለድ ሕግ በሌሎች ክፍለ ግዛቶች ላሉ ደንበኞቹ ሊጠቀም ይችላል ብሎ ከወሰነ በኋላ፣ የካርድ ሥራዎች ጣሪያ ወደሌለባቸው ግዛቶች ተሰደዱ። ሲቲባንክ በ1981 የካርድ ሥራውን ወደ ደቡብ ዳኮታ አዛወረ። ስለዚህ ጣሪያ ማበጀቱ ብቻውን አያስተማምንም፤ ተበዳሪው ራሱ ማስላት መቻል አለበት።

የማስላቱ ዕውቀት በሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ አለ። የወለድ ወለድ ቀመር አለ፤ ጂኦሜትሪያዊ ተከታታይ አለ፤ ሎጋሪዝም አለ። ጥያቄዎቹ ግን ሁልጊዜ «አንድ ሰው ይህን ያህል ብር በባንክ አስቀመጠ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ሰውየው ሁልጊዜ ቆጣቢ ነው፣ ጊዜው ሁልጊዜ ሙሉ ዓመት ነው፣ በመግቢያው የሚቆረጥ ክፍያ የለም። ተማሪው ግን በሕይወቱ መጀመሪያ የሚያገኘው ብድርን ነው፤ ለሳምንት፣ በስልክ፣ ከነክፍያው። የፈተና አዘጋጆች ሰውየውን ተበዳሪ፣ ዓመቱን ሳምንት ቢያደርጉት ቀመሩ አይለወጥም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢወጣ ምን ይጎድላል?

አንዲት ተማሪ ለአንድ ሳምንት 200 ብር ተበደረች። የአገልግሎት ክፍያው ከብድሩ 4 በመቶ ነው። ሳምንቱ ሲያልቅ የምትከፍለው ስላጣች፣ ዕዳውን ከነክፍያው ለመዝጋት የሚበቃ አዲስ ብድር በዚያው ውል ወሰደች፤ በየሳምንቱም እንዲሁ አደረገች። ሀ) ዕዳዋ ከ400 ብር የሚያልፈው በስንተኛው ሳምንት ነው? ለ) ክፍያው 4 በመቶ መሆኑ ቀርቶ በየሳምንቱ ቋሚ 8 ብር ቢሆን ኖሮስ በስንተኛው ሳምንት ያልፍ ነበር? ሐ) የሁለቱን መልሶች ልዩነት በግራፍ አሳዩ።